ከቧንቧው በታች ያለችው የጀርመን ከተማ

ሰኞ፣ መጋቢት 8 ቀን 2000 ዓ.ም.

መስተንግዶ ኮሚቴ ውስጥ ከተቱኝ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስሜን ከጸሐፊዋና ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ጎን አነበብኩት። ሦስት ሴቶች፤ ሦስታችንም መስተንግዶ። "ስለ ከተማዋ ገለጻ" ከሚለው ፊት ለፊት ደግሞ መምህር ሰለሞን ይላል። የስፖርት አስተማሪው።

ይህን ደብተር ከእኔ ሌላ የሚያነበው የለም፤ ቢሆንም ከመጀመሪያው ልጻፈው፣ ስናደድ መጻፍ ያበርደኛል። ትምህርት ቤታችን ጀርመን አገር ወንዝ ዳር ካለች ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት ጋር ወዳጅነት አለው። ወደዚያ የሚሄደውን ደብዳቤ ሁሉ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። አምና አንድ መምህር ሲጋብዙ ውድድር ተደረገ፤ አንደኛ ወጣሁ። ከዚያ ርዕሰ መምህሩ አቶ ደጀኔ ቢሮ ጠሩኝና በሩን ዘጉ። "ወይዘሪት አስቴር፣ ወጣት ነሽ። ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ። ሄደሽ እዚያው ብትቀሪ ትምህርት ቤቱ ይዋረዳል" አሉኝ። በእኔ ቦታ ሰለሞን ሄደ። ሚስት አለው፣ ይመለሳል ተባለ። ተመለሰም። ደብዳቤ መጻፉም ወደ እሱ ዞረ።

አሁን ሰዎቹ ቅዳሜ ሊጎበኙን ይመጣሉ። እኔ ዳቦ ቆርሼ ማር አቀርባለሁ፤ ሰለሞን ስለ ከተማቸው ይናገራል።

ቢሮ ገብቼ፣ "የተማርኩት ጂኦግራፊ ነው፤ ዳቦ መቁረስ አይደለም" አልኳቸው።

"እንግዳ መቀበል ክብር ነው" አሉኝ።

"እንግዲያው ክብሩን ለወንዶቹ ይስጡልኝ" ብዬ ወጣሁ።

ቤት ደርሼ ለእማ ጎመን ስቀነጥስላት ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ወደ ከተማዋ አትሄጂም ካሉኝ፣ ከተማዋን እዚህ ሚዛን ድረስ አመጣታለሁ።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ቦታ አገኘሁ። ከውኃ ቧንቧው በታች እስከ አጥሩ ያለው ቁልቁለት። ቧንቧው ከተተከለ ጀምሮ ይፈስሳል፤ ጠግኑት ስንል ዓመታት አለፉ። ዛሬ ባለመጠገኑ ደስ አለኝ። ወንዙ አለ ማለት ነው፤ የቀረው ከተማው ነው።

የአሥረኛ ቢ ሴቶችን ከትምህርት በኋላ ሰበሰብኩ። ወንዶቹም መጡ፤ ድንጋይ ተሸካሚ አድርገን ተቀበልናቸው።

ችግሩ ፎቶ ነው። ከተማዋን ያየ ሰው ሰለሞን ብቻ ነው። ልለምነው ሄድኩ። ክፉ ሰው አይደለም ሰለሞን፤ እንዲያውም ደስ ብሎት ትልቅ አልበም ይዞልኝ መጣ። ገለጥኩት። ሰለሞን። ገለጥኩት። ሰለሞን።

"ድልድዩን አሳየኝ እስቲ።"

"ይኸውልሽ አስቱ።"

"ይሄማ አንተ ነህ።"

"ድልድዩ ከኋላዬ ነው።"

ከተማዋ ውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ ፊቱ ቆሞ ጋርዶታል። ተማሪዎቹ መሬት ላይ ተደፍተው ከሰለሞን ግራና ቀኝ የሚታየውን ለቀሙ፦

የድንጋይ ድልድይ። በግራው ሁለት ቅስት፣ በቀኙ አንድ። መሃሉ ሰለሞን ነው።
ከሥሩ መንገድ የሚያልፍበት ረጅም ግንብ፣ ከላዩ ሰዓት። የሰዓቱ ግማሽ የሰለሞን ፀጉር ነው።
ጫፏ እንደ ቀንድ የተጠማዘዘ ቤተ ክርስቲያን፣ ከጆሮው በላይ።
ኮረብታ ላይ የፈረሰ ቤተ መንግሥት፣ ከብብቱ ሥር።
አንድ ጣራ ላይ፣ የጭስ መውጫው ጫፍ፣ ትልቅ የወፍ ጎጆ።
ወንዙ ዳር የተደረደሩ ቤቶች፣ እንጨታቸው ከውጭ የሚታይ።

የመጨረሻዎቹ ላይ ጽጌ ጣቷን አሳረፈች። ጽጌ የክፍሉ ምላስ ናት፤ ያሰበችውን ሳትናገር ያደረችበት ቀን የለም። "ቲቸር፣ እነዚህ ጭቃው አልቆባቸው ነው? የእኛ ቤት እንኳ ተመርጓል።"

"ሆን ብለው ነው እንጨቱን የሚያሳዩት" አልኩ።

ወርቅነሽ ከሸኮ የመጣች ናት፤ ብዙ አትናገርም። "ድህነት ሆን ተብሎ ይታያል?" አለች ቀስ ብላ።

አቶ ደጀኔ በአጠገባችን ሲያልፉ ቆሙ። "ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ቁፋሮ?"

"የጂኦግራፊ ተግባራዊ ትምህርት።"

ተግባራዊ የሚለውን ቃል ይወዱታል። አለፉ።


ረቡዕ፣ መጋቢት 10

እግሬ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነው፤ ታጥቤ እንኳ አልለቀቀም።

ጋሽ አየለ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ናቸው። ዘበኛ ከመሆናቸው በፊት አማን ከተማ ውስጥ ካሉት ቤቶች ስንቱን እንደሠሩ እግዜር ይወቅ። ጭቃ ስንረግጥ ከሩቅ አይተው አላስቻላቸውም፤ ዱላቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው መጡ። "ጭዱ አነሰው። ይሄ ሲደርቅ እንደ ሽማግሌ ተረከዝ ይሰነጠቃል" አሉ። ከዚያ ወዲያ አዛዣችን እሳቸው ሆኑ።

ግድግዳው ቀርከሃ ነው፤ እንጨቱ ወደ ውጭ እንዲታይ ተደርጎ። ጣራው ግን ሲያስጨንቀኝ ነበር። የእነሱ ጣራ ቀይ ሸክላ ነው፤ እኛ ጋ ከየት ይመጣል? ወርቅነሽ ናት የፈታችው። ሄዳ ከቡና መፈልፈያው አንድ ጆንያ ገለፈት ተሸክማ መጣች። ጭቃው ላይ አንድ በአንድ ስትደረድረው የደረቀው የቡና ልጣጭ ቁርጥ የፎቶው ጣራ ሆነ። ጽጌ እንኳ ጎንበስ ብላ አብራት መደርደር ጀመረች።

ሰዓቱ ላይ ተጣሉ። የግንቡ ሰዓት ከቆርቆሮ ክዳን ተሠርቷል፣ ግን ስንት ይበል? ግማሾቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን አሉ። ጽጌ እምቢ አለች። "ከተማዋ ናት እኛ ጋ የመጣችው። እኛ ጋ ከመጣች በእኛ ሰዓት ትተዳደር።" በድምፅ ብልጫ አሸነፈች። ሦስት ሰዓት ተባለ፤ ቅዳሜ እንግዶቹ የሚጠበቁበት።

ጋሽ አየለን ያስጨነቃቸው ሌላ ነው። ቤቶቹን ውኃው አፍ ላይ ስንተክል አይተው፣ "እነዚህ ሰዎች ሽማግሌ የላቸውም? ወንዝ አፍ ላይ ቤት ይሠራል?" አሉ። ሰለሞን እዚያው ነበር። ወንዙ አንዳንድ ዓመት ሞልቶ ቤት እንደሚገባ፣ ሰዎቹም ውኃው የደረሰበትን ግድግዳቸው ላይ አስምረው ዓመተ ምሕረቱን እንደሚጽፉበት ነገራቸው።

"ገብቶባቸው ለቀው አልሄዱም?"

"አልሄዱም፣ ጋሼ።"

"ግትር ሕዝብ ነው" አሉና ወደ እኔ ዞር አሉ። "አንቺን ይስማማሽ ነበር።"


ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ዘነበ። በሚዛን ዝናብ መጻፍም ያስቸግራል፤ ጣራው ላይ ሲወርድ ሰው የራሱን ሐሳብ አይሰማም።

የሁለተኛው ክፍለ ጊዜ መሃል ላይ ነበር። በመስኮት አየሁት፤ ወንዛችን ሞልቶ ከተማ ገባ። ጠመኔውን ጥዬ ስወጣ ክፍሉ በሙሉ ከኋላዬ ወጣ። ድልድዩ ሄደ። ዓይናችን እያየ፣ ከነቅስቱ፣ ቀስ ብሎ እንደ ጀልባ ወደ አጥሩ ሄደ። ጽጌ ጫማዋን ጥላ ቦይ ውስጥ ገባችና ያዘችው፤ ግማሹን። ሌላው ግማሽ ወደ አማን ሄዷል።

ሁሉም በስብሷል፣ ሁሉም ይስቃል። እኔ ግን ላለቅስ ትንሽ ነበር የቀረኝ። "ቲቸር፣ ቤተ ክርስቲያኗን እይያት" አለችኝ ወርቅነሽ።

አየሁ። የቤተ ክርስቲያኗን ጫፍ ለማጣመም ትናንት ሙሉ ከሰዓት ታግለናል፤ ስናጣምመው ይሰበራል፣ ስንተወው ይቃናል። ዝናቡ አለስልሶ አንድ ዙር ጠምዝዞ ትቶታል። ከሰለሞን ጆሮ በላይ እንዳለችው። ማንም እንዳይነካት አዘዝኩ።

አቶ ደጀኔ ጃንጥላ ይዘው መጡ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ የባሰ አመጡ። ዞረው አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ "ጥሩ ሥራ ነው" አሉ። "ቅዳሜ ሰለሞን ያስረዳበታል።"

"የሠራነው እኛ ነን።"

"ሥራው የትምህርት ቤቱ ነው፣ ወይዘሪት አስቴር። እሱ ቦታውን አይቶታል። አንቺ አላየሽውም።"

ያላየሁት በማን እንደሆነ ልናገር ነበር። ተማሪዎቹ ቆመው ነበርና ዋጥኩት። ሌላ ጊዜ አልውጠውም።


ዓርብ፣ መጋቢት 12

አለቀች።

ድልድዩ አሁን እውነተኛ ድንጋይ ነው። ወንዶቹ ከመንገድ ዳር ለቅመው አመጡ፤ ጋሽ አየለ ቅስቱን ገጠሙት። በመሃሉ ሰለሞን የጋረደው ቦታ ምን እንዳለ አናውቅምና አንድ ቅስት ጨመርንበት።

ከሁሉ ያስቸገረኝ የፈረሰው ቤተ መንግሥት ነው። ጽጌ ኮረብታው ላይ የምታምር ግንብ ሠርታለች፣ መስኮት ያላት። አፍርሺው አልኳት።

"ምን አጠፋሁ ቲቸር?"

"ምንም። የእነሱ የፈረሰ ነው።"

"እነሱ ካላደሱት እኛ ብናድስላቸው ምን አለበት?"

በመጨረሻ ዓይኗን ጨፍና በእርግጫ መታችው። በጣም ጥሩ ፍርስራሽ ወጣው።

ወርቅነሽ ጎጆውን ከጭድ ሠርታ ጭስ መውጫው ላይ አስቀመጠች። ሰለሞን ወፉ ራዛ ነው አለ፤ እግሩ ረጅም፣ ነጭ። ወርቅነሽ ራዛ ታውቃለች፤ በበጋ ወደ ቴፒ በኩል በሚታረስ መሬት ላይ ይወርዳል አለች። አውሮፓ ይከርማል፣ እዚህ ይበጋል። ቪዛ የሚጠይቀው የለም።

ወደ ቤት ልሄድ ስል ሰለሞን አንገቱን እያከከ መጣ። "አስቱ፣ ነገ ምን ብዬ ላስረዳ? ስለ ቤቶቹ ምንም አላውቅም እኮ።"

"እንኳን ደህና መጣችሁ በል። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሁን።"

"አቶ ደጀኔስ?"

"አቶ ደጀኔ ወደ ጎን አትሁን ብለውሃል?"

አሰበ። "አላሉኝም" አለ።

ነገ ከተማዋ ፊት እቆማለሁ። ስለ ውድድሩ ዕድል ካገኘሁ እናገራለሁ፤ ካላገኘሁም ዕድሉን እሠራዋለሁ። የሚቀጥለው ግብዣ ሲመጣ እንደገና በር ተዘግቶ እንዲወሰንብኝ አልፈልግም።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

የዛሬውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፤ በመጣልኝ መንገድ ልጻፈው።

ጠዋት ስደርስ ከተማዬ ነጭ ሆናለች። ቤቶቹ በሙሉ። አንድ እንጨት አይታይም። ግድግዳው ሁሉ ተመርጎ፣ ተለስኖ፣ በነጭ አፈር ተቀብቶ እንደ እንቁላል ለስልሷል። ጋሽ አየለ እጃቸው እስከ ክርናቸው ነጭ ሆኖ አጠገቡ ቆመዋል።

"ጋሽ አየለ፣ ምን አደረጉ?"

"እንግዳ ሊመጣ ቤት ሳይመረግ ይታያል? እኔ እያለሁ?" አሉ። "እናንተ ልጆች ናችሁ፤ ጊዜ አጠራችሁ። እኔ ጨረስኩላችሁ።"

ፊታቸውን ሳይ መቆጣቱን ተውኩት። ጽጌ ልትፍቀው ቢላ ይዛ መጣች። ወርቅነሽ እጇን ያዘቻት። "እርጥብ ነው፤ ቢነካ ግድግዳው አብሮ ይወርዳል።" በር ላይ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ከሰዓታቸው ቀድመው መጡ።

ሦስት ናቸው። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሸበቶ ሴት። ሴትዮዋ ሄልጋ ትባላለች፤ ደብዳቤ ስጽፍ የኖርኩት ለእሷ ነው፣ ፊቷን ግን ዛሬ አየሁ። ሰለሞን እንኳን ደህና መጣችሁ አለ። ቀጥሎም፣ ቃሉን ጠብቆ፣ አንድ ትልቅ እርምጃ ወደ ጎን ሆነ።

ሄልጋ መጀመሪያ ያወቀችው ድልድዩን ነው። ቀጥሎ ሰዓቱን። ቀጥሎ ጠማማዋን ቤተ ክርስቲያን፤ አይታ አፏን በእጇ ያዘች። ወንዶቹ ጓደኞቿ የየቤታቸውን መንገድ ፈልገው ጭቃው ላይ ተንበርክከዋል። ከዚያ ሄልጋ ጠየቀችኝ። ቤቶቹ ለምን ነጭ ሆኑ?

ልዋሽ አልኩና ተውኩት። ዘበኛችን አፈረላችሁ አልኳት። እኛ ጋ እንጨቱ የሚታይ ቤት ጭቃ መግዣ ያጣ ሰው ቤት ነው፤ ሰው እንዳይንቃችሁ ብሎ መርጎላችሁ አደረ።

አጥሩን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ጨርሳ የነገረችኝን ለጋሽ አየለ ተረጎምኩላቸው። በሴት አያቷ ልጅነት ያ መንገድ በሙሉ እንዲህ ነጭ ነበር። እንጨቱ ከታየ ሰው ደሃ ይለናል ብለው ሁሉም ለስነውት ነበር። ኋላ ጎብኚ እንጨቱን ሲወድላቸው ነው ልስኑን አራግፈው ያወጡት። "ይህ ሰው የሠራው የአያቴን ከተማ ነው" አለች።

ጋሽ አየለ ምንም አልገረማቸውም። "ድሮ ጨዋ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው" አሉ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ቀን ነበር። ሄልጋ ግን እጄን በሁለት እጇ ያዘችና እንዲህ አለችኝ፤ "ወባው ሙሉ በሙሉ ለቀቀሽ?"

"የምን ወባ?"

"አምና እንዳትመጪ ያደረገሽ ወባ።"

አቶ ደጀኔ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰለሞን ጫማውን አየ። ተማሪዎቹ እንግሊዝኛውን አልተከታተሉም፣ ዝምታውን ግን ተከታተሉት።

ታምሜ አላውቅም አልኩ። ውድድሩን አንደኛ ወጥቻለሁ። ያላገባች ሴት ከሄደች አትመለስም ተብሎ ነው የቀረሁት። በእንግሊዝኛ ተናገርኩ። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሬ ያንኑ በአማርኛ ደገምኩት፣ አንድ ቃል ሳልቀንስ።

ጽጌ ማጨብጨብ ጀመረች። በደንብ ያልገባቸው ወንዶች ሳይቀሩ አጨበጨቡ።

ምሳ ላይ ከሄልጋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዳቦውን ያዞረው ሰለሞን ነው።


እሑድ፣ መጋቢት 14

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም፤ እማ ተቆጣች። ሄልጋ ወደ ሸኮ የቡና ጫካ ሲሄዱ እኔ እንድመጣ በስሜ ጠየቀች። አቶ ደጀኔ "ትሂድ" አሉ፤ ትናንት ከሰዓት ጀምሮ ለእኔ የተናገሩት ይህችን ብቻ ነው።

ለእነሱ ዛሬ ፋሲካ ነው። እኛ ጋ ገና ሁዳዴው መሃል ነን። ሄልጋ ቀለም የተቀባ የተቀቀለ እንቁላል በየቡናው ሥር ደበቀችና ፈልጉ አለችን፤ ባህላቸው ነው። ከሁላችን በላይ ያገኘው ሾፌሩ ነው። ጾመኛ ሰው። ኮፍያው ሙሉ እንቁላል ይዞ ቆመና፣ "እግዚአብሔር በእኔ ይቀልዳል" አለ። አንድም አልቀመሰም። ለልጆቹ ይዞ ሄደ፤ ልጆች አይጾሙም ብሎ።

ስንመለስ ሰለሞን ከኋላ ወንበር ላይ አጠገቤ ነበር። "ስለ ወባው ታውቅ ነበር?" አልኩት።

"እዚያ ስደርስ ነው የሰማሁት። አስቴር እንዴት ናት ብለው ጠየቁኝ። ምን ልበል? ተሽሏታል አልኩ።"

"እሺ።"

"በየቀኑ ይጠይቁኛል እኮ። አንድ ቀን ሰልችቶኝ ትንሽ አገርሽቶባታል አልኩ። አበባ ሊልኩልሽ ተነሡ። በግድ አስተውኳቸው።"

ልቆጣው አሰብኩ። ሳቅ ቀደመኝ። መኪናው ረግረግ ውስጥ ገብቶ ሁላችንም ወርደን ስንገፋ እንኳ አልለቀቀኝም።


ሰኞ፣ መጋቢት 15

እንግዶቹ ጠዋት ወደ ጅማ ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት ሄልጋ አቶ ደጀኔ ፊት፣ መምህራኑ በሙሉ በቆሙበት ተናገረች። ለሐምሌ አንዲት መምህርትና አንዲት ተማሪ ይጋበዛሉ። መምህርቷ አስቴር ናት። ተማሪዋን ደግሞ አስቴር ከአሥረኛ ቢ ትምረጥ።

መኪናው ከበር ሳይወጣ ቢሮ ተጠራሁ። በሩ ሊዘጋ ሲል "ክፍት ይሁን" አልኩ። ክፍት ሆነ።

"አዋረድሽኝ" አሉ አቶ ደጀኔ።

"እኔን ወባ ያስያዘኝ እኔ አይደለሁም።"

የደከማቸው ይመስሉ ነበር፤ ለአንድ አፍታ ሽማግሌ መሆናቸውን አየሁ። "የትምህርት ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልግሻል። እፈርማለሁ" አሉ። "ነገር ግን ዋስ ትጠሪያለሽ። ለመመለስሽ። ቤት ንብረት ያለው፣ የታወቀ ሰው።"

"ተማሪዋስ?"

"እሷም።"

"አስብበታለሁ" አልኩ። በሕይወቴ እንዲህ ብዬ አላውቅም። እስከ ረቡዕ ሰጡኝ።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ቀኑን ሙሉ ዋስ ሲመጣልኝ ዋለ።

እማ፦ "አጎትሽ ማሻ ከተማ ሰው ያውቃል። ልደውልለት? ፊርማ እኮ ነው ልጄ፤ ክብርሽን አይቆርስም።"

ጋሽ አየለ፦ "ቤቴን ታውቂዋለሽ፤ ራሴ ነኝ የመረግኩት። አስይዣለሁ።"

ሰለሞን፦ "እኔ ልፈርምልሽ። ዕዳ አለብኝ።"

ሦስቱም ከልባቸው ነው። ከሰዓት በኋላ ልስማማ ደርሼ ነበር። እውነቱን ልጻፍ፤ መሄድ እፈልጋለሁ። ድልድዩ ስንት ቅስት እንዳለው ሄልጋን መጠየቅ ረሳሁ፤ እሱን ቆሜ መቁጠር እፈልጋለሁ። በአንድ ፊርማ ይህ ሁሉ የእኔ ይሆናል።

ተማሪዋን መርጫለሁ። ወርቅነሽ። ስነግራት ደስታዋን ዋጠችና መጀመሪያ የጠየቀችኝ ይህን ነው፦ "ቲቸር፣ አንቺም ዋስ ትጠሪያለሽ?"

አባቷ ሸኮ ውስጥ ያላቸው አንዲት ጎጆና ጥቂት የቡና እግር ነው። እኔ አጎቴን ብጠራ እሄዳለሁ። እሷ ማንን ትጠራለች? እኔ እሺ ካልኩ እሷ ትቀራለች፣ ከእሷ በኋላ የምትመጣውም ትቀራለች።

"አልጠራም" አልኳት። ያልኩት ሳላስብ ነው። አሁን ቁጭ ብዬ እያሰብኩበት ነው። ነገ ሁለታችንንም የሚያስቀረን ይህ ቃል ሊሆን ይችላል።


ረቡዕ፣ መጋቢት 17

ጠዋት ገባሁ። በሩን ራሴ ከፍቼ ተውኩት። ጸሐፊዋ መተየቧን አቆመች።

"ዋስሽ ማን ነው?" አሉ አቶ ደጀኔ።

"ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሰለሞን አምና ሲሄድ ዋስ ጠርቷል?"

"ሰለሞን ሚስት አለው።"

"እና?"

"እናማ ሚስቱ ናት ዋሱ። ሚስቱን ጥሎ የት ይሄዳል?"

የምመልሰውን ትናንት አላዘጋጀሁትም። እዚያው ቆሜ ሳለሁ ነው የታየኝ።

"አቶ ደጀኔ፣ የሰለሞን ሚስት ምን ቤት ንብረት አስያዘች?"

"ምንም።"

"ፈረመች?"

"አልፈረመችም።"

"እንግዲህ አንዲት ሴት ቤት ሳታስይዝ፣ ሳትፈርም፣ እዚህ ቁጭ ብላ ብቻ ለአንድ ወንድ ዋስ ከሆነች፣ የሴት ዋስትና በትምህርት ቤታችን የጸና ነው ማለት ነው። እኔም ሴት ነኝ። ለራሴ እበቃለሁ። ለወርቅነሽ ደግሞ እኔ ዋስ ነኝ።"

ጸሐፊዋ ወረቀት አንሥታ ፊቷን ሸፈነች። ትከሻዋ ይነቃነቃል። አቶ ደጀኔ አዩኝ። መስኮቱን አዩ። ከመስኮቱ በታች ከተማዋ ትታያለች፤ ነጩ ልስን ደርቆ እየተሰነጠቀ ነው፣ እዚህም እዚያም የቀርከሃው መስመር ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል።

"የአንቺን ባል የሚሆን ሰው እግዜር ይርዳው" አሉ።

"አሜን። ማህተሙ የት ነው?"

ሳቁ። ላለመሳቅ ታግለው ሳቁ፤ እስከ ዛሬ ጥርሳቸውን አይቼ አላውቅም ነበር። ሁለት ደብዳቤ ፈረሙ። ሁለት ጊዜ ማህተም አረፈ። ጸሐፊዋ ዋስ የሚለውን መስመር ባዶውን ትታው ነበር፤ እሳቸው በእስክሪብቶ ሰረዙት።

ገና ነው፣ አውቃለሁ። ፓስፖርት አለ፤ አዲስ አበባ መሄድ አለ። ኤምባሲውም የራሱን ጥያቄ ይጠይቃል ይላሉ፤ ምናልባት እነሱም ባል አለሽ ወይ ይሉኝ ይሆናል። የወርቅነሽ አባት እሺ ማለታቸውንም አላውቅም፤ ቅዳሜ ሸኮ ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ። ሐምሌ ሩቅ ነው።

ከቢሮው ስወጣ አሥረኛ ቢ በሙሉ ቧንቧው ጋ ቆመው ነበር። ጽጌ ቅንድቧን አነሣች። ወርቅነሽ መሬት መሬት ታያለች። ደብዳቤዎቹን ደረቴ ላይ ይዤ ቀስ ብዬ መሄድ ጀመርኩ፤ መምህርት በግቢ ውስጥ አትሮጥም። እስከ ባንዲራው እንጨት ድረስ ቻልኩ። ከዚያ ሮጥኩ።